በሶ ያልቀመሰው እንግዳ

እንግዳ ቤቴ ገብቶ ምንም ሳይቀምስ ከወጣ ያመኛል። ይህን የምነግራችሁ ደግነቴን ላወራ አይደለም፤ የሚያውቁኝ ሰዎች ደግነት ሳይሆን በሽታ መሆኑን ይመሰክራሉ። አንድ ጊዜ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰውዬ በአንድ እጁ መፍቻ፣ በሌላ እጁ ሳምቡሳ ይዞ እቃ ማጠቢያዬ ሥር ተጋድሞ እንዲሠራ አድርጌዋለሁ። «ኖ ታንክ ዩ» እያለ ነበር። «ኖ ታንክ ዩ» ማለት በእኔ ቤት የድርድሩ መክፈቻ ነው። አሁን ሳስበው ሰውዬው የምሩን ነበር፤ አልፈለገም። ግን በልቶ ነው የሄደው።

እንግዲህ የማይበላ እንግዳ የመጣው እንዲህ ያለችው ሴት ቤት ነው።

ያመጣችው ልጄ ናርዶስ ናት። ናርዶስ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ በልጦኛል፤ አማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ ማዕድ ላይ መቀመጥ ተወች። አልታመመችም፣ ሐኪሟም ደህና ናት ብላናለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሆነ ነገር ከቦርሳዋ አውጥታ ትቀማምሳለች፤ እኔ ያቀረብኩትን ግን አትነካም። «አይም ጉድ፣ ማሚ» ትላለች፣ አለቀ። እኔም «በሞቴ» እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በሞቴ ስል አንዲት ጉርሻ ትቀበለኝ ነበር። በኋላ ግን ቁርስ ላይ እየሞትኩ፣ እራት ላይ እየሞትኩ፣ መሞቴን ለመደችው መሰለኝ። ባለቤቴ ትራክ ይነዳል፤ ከመንገድ ሲደውል «ተዪያት፣ ሲርባት ትበላለች» ይለኛል። ሲርባት! እናት ባለችበት ቤት ልጅ እስኪርበው የሚጠበቀው ከመቼ ወዲህ ነው?

አንድ ዓርብ፣ ሁዳዴ በገባ ሰሞን፣ ናርዶስ አፈ ሰፊ ጠርሙስ አቅፋ መጣች።

«ማሚ፣ ጋራዥ ያለው ፍሪጅ ስፔስ አለው አይደል?»

በምንኖርባት በሾርላይን ከተማ ሁለት ፍሪጅ የሌለው ሐበሻ ካለ ትናንት የመጣ መሆን አለበት። የእኛ ሁለተኛው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ በርበሬና ቅቤ ይጠብቃል። የትምህርት ቤቷ ኤሌክትሪክ ሊጠገን ቅዳሜና እሁድ ስለሚጠፋ፣ የባዮሎጂ መምህሯ «ትርፍ ፍሪጅ ያለው ማነው?» ብላ ስትጠይቅ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ እጇን ያወጣችው የእኔዋ ናት። በቤታችን የምትኮራበት ነገር በመገኘቱ ደስ አለኝ። ፍሪጅም ቢሆን።

ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሣችው። ውሃ ብቻ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ክንፉን መታ። ቁመቱ የትንሿን ጣቴን ጥፍር ቢያህል ነው። ገላው እንደ ብርጭቆ ያሳልፋል፤ ውስጡ ብርቱካንማ ነገር ይታያል። ሁለት ስስ ክንፎቹን እያርገበገበ ውሃው መሐል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማርገብገቡን ሲተው ቀስ ብሎ ይሰምጣል፤ እንደገና ሲጀምር ይነሣል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ድምፄን ቀነስኩ።

«ሲ ኤንጅል ይባላል» አለች ናርዶስ። «የባሕር መልአክ። ግን መልአክ ምናምን አይደለም፣ የስኔል ዘመድ ነው።»

«ቀንድ አውጣ?»

«ያ፣ ቀንድ አውጣ። ሲወለድ ዛጎል አለው፤ ትንሽ ቀን ቆይቶ ይጥለዋል። ዊንጎቹ ደግሞ፣ ላይክ፣ የቀንድ አውጣ እግር የነበረው ነው። ክንፍ ሆነለት።»

ቤቱን ከጀርባው አውርዶ ጥሎ፣ እግሩን ክንፍ አድርጎ የሄደ ቀንድ አውጣ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ያላት እናት ይህን ስትሰማ ምን ምን እንደሚላት ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ቦዝ። ሁለቱንም ነው።»

«እንግዲያው አንቱ ማለት ይሻላላ» አልኩ። አልሳቀችም። ቀጥሎ የጠየቅኩት ከስሙም በፊት ልጠይቀው የሚገባኝን ነበር፦ «ምን ይበላል?»

«አንድ ነገር ብቻ። ሲ በተርፍላይ የምትባል ሌላ ትንሽዬ የባሕር ቀንድ አውጣ አለች፣ እሷን ብቻ ነው የሚበላው። እዚህ የለችም። ሶ፣ ምንም አትስጪው። ማሚ፣ አይም ሲሪየስ። ሰኞ በሕይወት እመልሰዋለሁ ብዬ ለቲቸሬ ፕሮሚስ አድርጌያለሁ። ውሃውም የባሕር ውሃ መሆን አለበት፣ ቀዝቃዛ። አትንኪው። ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ» አልኩ። እንዲህ ዓይኔን እያየች ካነጋገረችኝ ቆይታ ነበርና ሌላም ነገር ብትለምነኝ እሺ እላት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ናርዶስ ለልጆች ሒሳብ ልታስጠና በትሬን ማውንት ቤከር ወደሚባል ሰፈር ሄደች። ከመውጣቷ በፊት ስልስ በትኩስ እንጀራ ፈትፍቼ አቅርቤላት ነበር። «አይም ጉድ» አለችና ወጣች። ሰሃኑ ጠረጴዛው ላይ እንደ ቀረበ ቀረ። እኔም ትክ ብዬ እያየሁት ቆየሁ። ከዚያ በርበሬ ላመጣ ጋራዥ ገባሁ፤ ልማል እችላለሁ፣ በርበሬ ላመጣ ነው የገባሁት።

ፍሪጁን ስከፍተው እንግዳው ከጠርሙሱ ታች ወርዶ ክንፉን በዝግታ ያንቀሳቅሳል። አንጀቴን በላው። ትናንት መጣ፣ አደረ፣ ቁርስ ሰዓት አለፈ፣ እና ማንም ምን ይቅረብልህ አላለውም። እኔ ብጾም በፈቃዴ ነው። እሱ ማን ጠየቀው?

እዚህ ላይ የሰው ልጅ አእምሮ ሊያጠፋ ሲያስብ ምን ያህል ጠበቃ እንደሚሆን ልብ በሉልኝ። ልጄ «ምንም አትስጪው» ስትል ምግብ ማለቷ ነው፤ ወጥ፣ ዳቦ፣ ሥጋ። በሶ ግን ይህን ያህል ምግብ የሚባል አይደለም፤ የመንገደኛ ስንቅ ነው። እንግዳው ደግሞ መንገደኛ ነው። በሶ የጾም ነው። በሶ ሆድ አይከብድም። እናቴ ከአገር ቤት የላከችው፣ በደንብ የተቆላ ገብስ ነው። እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ለራሴ ካስረዳሁ በኋላ ቆንጥሬ ጣል አደረግኩለት።

በሶው ከላይ ተንሳፈፈ። አላየውም ይሆናል ብዬ ደገምኩ። አሁንም ዝም። እንግዲህ በሶ ካልተበጠበጠ ማን ይጠጣዋል? ማንኪያ አመጣሁ።

ከአፍታ በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ባሕር ቀርቶ ለጉልበት ሠራተኛ የተበጠበጠ በሶ ሆነ። እንግዳዬ የት እንደገባ አይታይም። ያን ጊዜ ቆሌዬ ተገፈፈ። በሻይ ማጥለያ አጠለልኩ፣ በማንኪያ ፈለግኩ፣ «የት ነህ የኔ ጌታ» እያልኩ ጠራሁ። ሳገኘው ክንፎቹን ሰብስቦ እንደ ምስር ፍሬ ድብልብል ብሏል። ብነካው ዝም። የልጄ ቃል፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለቤታችን የሰጠችው አንድ አደራ፣ በማንኪያ ላይ ተኝቶ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ የሩጫ ነው። ውሃው የባሕር መሆን አለበት ብላለች። ባሕሩ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ቢጫውን ጀሪካን አነሣሁ፤ ነጠላዬን እንደለበስኩ፣ የቤት ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ ወደ ሪችመንድ ቢች ነዳሁ። የባቡሩን ሐዲድ የሚሻገረውን ድልድይ ቀሚሴን ሰብስቤ በሩጫ ወረድኩ። ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ ፈረንጆች ጥግ ያዙልኝ። ዳር ዳሩ አሸዋ ስለሚገባበት እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ብርዱ እስከ ጥርሴ ዘለቀ። ጀሪካኑን አስጎንብሼ እያንቧቧሁ ስሞላ ከበስተኋላዬ በአማርኛ ስሜ ተጠራ።

እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ሐኪም ለጉልበታቸው እርምጃ ስላዘዘላቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ይራመዳሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የታመመ የሚጠይቅ፣ የወለደች የሚያርስ ሰው ሲፈለግ ቀድመው የሚገኙ እሳቸው ናቸው።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ? በዚህ ብርድ!»

«እትዬ፣ በኋላ አጫውትዎታለሁ። ቤት የታመመ አለ፤ ውሃው በቶሎ መድረስ አለበት።»

አልዋሸሁም። እትዬ ጥሩነሽ ጀሪካኑን አዩት፣ ነጠላዬን አዩት፣ ወደ ባሕሩ ተመለከቱ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። «እግዚአብሔር ይማረው» አሉና ጀሪካኑን ድልድዩ ድረስ አብረውኝ ያዙልኝ፣ ያን ጉልበታቸውን ይዘው።

ቤት ገብቼ ጠርሙሱን አጥቤ፣ ንጹሑን ውሃ ሞልቼ፣ እንግዳዬን አስገብቼ ፍሪጅ ውስጥ መለስኩት። ከታች ተኝቶ ቀረ። አልተንቀሳቀሰም። በየደቂቃው እየከፈትኩ ባየው ብርዱ ይወጣበታል ብዬ፣ ወጥ ቤት ገብቼ ያልቆሸሸ ድስት ማጠብ ጀመርኩ።

ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ጥሩነሽ የአጥሚት ፔርሙስ ይዘዋል። ከኋላቸው ጋሽ መኮንን፣ ጡረታ የወጡ የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ቆመዋል። ከእሳቸው ኋላ ጎረቤቴ ሰላም አለች፤ እሷ የፕሮቴስታንት ቸርች ነው የምትሄደው፤ ግን በጥየቃ ላይ ሃይማኖት አንለይም። ሱፍ ፍትፍት ይዛለች። ገቡ፣ ተቀመጡ። እንደ ደንቡ ማንም ቶሎ አልጠየቀኝም። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ አየሩ ያወራል፣ በየመሐሉ ወደ መኝታ ቤቱ በር ያያል። የታመመ ሊጠይቁ እንደመጡ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

«እህሉን እንዴት ነው ታዲያ?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ በመጨረሻ።

«አይበላም» አልኩ፤ እንባዬ መጣ። የምር መጣ።

«አይዞሽ» አለች ሰላም። «ፕሬይ እናደርግለታለን።»

«የት ነው የተኛው?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ፍሪጅ ውስጥ።»

ጋሽ መኮንን ቀስ ብለው ተነሡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ጀመሩ፤ «ወይኔ ልጄን፣ ብቻሽን ይዘሽው ዋልሽ?» ሰላም ስልኳን አውጥታ «ናይን ዋን ዋን ኮል አድርገሻል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ከዚህ በኋላ በቃል ማስረዳት አልተቻለኝም። ተነሥቼ ጋራዥ ወሰድኳቸው፤ ፍሪጁን ከፈትኩ።

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አደረጉ፣ አጎነበሱ፣ ቀና አሉ፣ እንደገና አጎነበሱ። «ሟቹ ይሄ ነው?»

«አልሞተም... ይመስለኛል» አልኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። በሶው ላይ ስደርስ እትዬ ጥሩነሽ አላፈሩብኝም። «እና ምን ታደርጊ?» አሉ። «እንግዳ ዝም ብሎ ይታያል?» ወዲያው ምክር ተጀመረ። አጥሚቱ ቀጠን ብሎ ቢሰጠውስ? የሱፉ ውሃስ? ሁሉም የራሱን ምግብ ያቀርባል። ናርዶስ ከትሬን ወርዳ የደረሰችው በዚህ መሐል ነው፤ ፍሪጁ ተከፍቶ፣ እትዬ ጥሩነሽ ፔርሙስ ይዘው፣ ጋሽ መኮንን ባርኔጣቸውን በእጃቸው አድርገው፣ ሰላም ዓይኗን ጨፍና፣ እኔ እያለቀስኩ።

ጠርሙሱን አየችው። አንገቱ ላይ የቀረውን ቡናማ ዱቄት በጣቷ ነካች።

«ማሚ። ምንድን ነው ይሄ?»

«በሶ።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ዱቄቱን ከጣቷ አራገፈች። ያን ጊዜ በመካከላችን ጋሽ መኮንን ገቡ። «ልጄ፣» አሉ፣ «እኛ አናውቅምና አስረጂን። ምግቡን ካላገኘ ምን ይሆናል?»

ናርዶስ ሽማግሌ ሲጠይቃት አንገቷን ሰበር አድርጋ ነው የምትመልሰው፤ ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቀስ ብላ፣ ቃል እየፈለገች፣ በአማርኛ ጀመረች።

«ይጠብቃል። ብዙ ወር ሳይበላ መኖር ይችላል። ግን፣ ላይክ፣ ሰውነቱ ያንሳል። እያነሰ እያነሰ ይጠብቃል። ምግቡ ሲመጣ ደግሞ ይበላል።»

«ብዙ ወር!» አሉ ጋሽ መኮንን። «እኛ ሁዳዴን ጾምን ብለን ለሰው እናወራለን።»

«ታዲያ አይርበውም?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«ይርበው ይሆናል፣ አላውቅም። ግን ራበው ተብሎ ሁሉንም ነገር መብላት አይችልም። አፉም፣ ሁሉ ነገሩም ለዚያች አንድ ነገር ነው የተሠራው። እምቢ ማለቱ አይደለም። ሌላውን አልጠላውም።»

ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። አለማየቷ ነው ውስጤ የገባው።

«ልቡን እዩት፣ ቀይ ልቡ!» አለች ሰላም ወደ ብርቱካንማው ነገር እያሳየች።

«ኖ፣ ያ ሆዱ ነው» አለች ናርዶስ። «ሁሉም ሰው ልቡ ይመስለዋል። ልብ አለው፤ ግን ትንሽ ነው፣ እንደዚህ በቀላሉ አይታይም።»

ሁላችንም ወደ ጠርሙሱ ጠጋ አልን። ያን ጊዜ ድብልብሉ ነገር በአንድ ጎኑ ተከፈተ። አንዱን ክንፍ ዘረጋ። ሌላውን ዘረጋ። ከጠርሙሱ ታች ትንሽ ተነሣ፣ ወደቀ፣ እንደገና ተነሣ። እትዬ ጥሩነሽ አፋቸውን ለእልልታ ሲከፍቱ ናርዶስ «ሽሽ፣ ይደነግጣል!» አለች፤ እሳቸውም በሹክሹክታ እልል አሉ። በሹክሹክታ እልል ሲባል የሰማሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዶቹን ከሸኘሁ በኋላ ናርዶስ ጋራዥ ውስጥ ቆማ ቆየችኝ።

«ፕሮሚስ አድርገሽልኝ ነበር።»

«አዎ። አጠፋሁ፣ ይቅርታ» አልኳት። «የማይበላ ሰው ፊቴ ሲቀመጥ ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ ናርዲ። እፈራለሁ። ከመስጠት ሌላ ምንም አላውቅም።»

ወዲያው አልሄደችም፤ ጠርሙሱን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ ፍሪጁን ቀስ ብላ ዘጋችው።

እሁድ ሁለት ነገር አላደረግኩም። ፍሪጁን አልከፈትኩም። በሞቴም አላልኩም። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ጥርሴን ነክሼ ነው የዋልኩት። ሰኞ ጠዋት ጠርሙሱን በበረዶ ሳጥን አድርጋ፣ ጉልበቷ ላይ አቅፋ፣ ትምህርት ቤት አደረስኳት። እንግዳው በደህና ያርገበግባል። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ መልእክት መጣ፦ «ቲቸሬ ሲ በተርፍላይ አግኝታለች። ሲበላ ማየት ከፈለግሽ ከክላስ በኋላ ነይ።»

ከፈለግሽ ትለኛለች!

መምህሯ ከወደቡ ዳር በመረብ የቀዳቻቸውን አሳየችን። የባሕር ቢራቢሮ የተባለችው የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ናት፤ እሷ ዛጎሏን አልጣለችም። ግን ዛጎሉ ስስ ነው፤ ባሕሩ እየኮመጠጠ ሲሄድ ደግሞ ይበልጥ እየሳሳ ይሄዳል አለችን መምህሯ። ናርዶስ በአማርኛ ደገመችልኝ፤ «እሷ ከጠፋች እሱ የሚበላው የለውም» ብላ ጨመረች። ስትናገር ድምፅዋ ተለወጠ። ለካ ልጄም የአንድ ፍጡር ምግብ ያሳስባታል። ለካ ይህን ከእኔ ወስዳለች።

ቢራቢሮዋን ጠብ አደረጉለት። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ያ ጨዋ እንግዳዬ ጭንቅላቱ ለሁለት ተከፈለና ስድስት ቀንድ የመሰሉ ክንዶች ወጡ፤ ቢራቢሮዋን ላፍ አደረጋት። መልአክነቱ እዚያው ቀረ። ዛጎሏን እያገላበጠ ውስጧን ጎትቶ ሲያወጣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ፊታቸውን አጨማደዱ።

«እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። «እሰይ የኔ ጌታ! በላ! በላልኝ!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ናርዶስን አሳፈርኳት ብዬ ደንግጬ ወደ እሷ ዞርኩ። እሷ ጠርሙሱን አታይም ነበር፤ እኔን ነበር የምታየው፣ እንባዬን።

መኪና ውስጥ፣ ቤታችን ሲቀርብ መስኮቱን እያየች አንድ ቃል አለች፣ በአማርኛ።

«ራበኝ።»

አፌ ላይ አገር ሙሉ ምግብ መጣ። ሽሮ አለ፣ ስልስ አለ፣ የእትዬ ጥሩነሽ አጥሚት አለ። ሁሉንም ዋጥኩትና፣ ከዚያ በፊት ጠይቄያት እንደማላውቅ እየገረመኝ፣ «ምን ትበያለሽ?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ያ በሶ... ተርፏል?»

ቤት ገብተን በጠበጥኩላት። ለወትሮው እስከ ጠርዙ ነው የምሞላው፤ ያን ቀን ግማሽ ብርጭቆ አደረግኩት። አጠገቧ አልቆምኩም፤ ዞሬ ድስት አጠብኩ። ጠጥታ ስትጨርስ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ።

«ጨምሪልኝ» አለች።